ሁሉም በአንድ ስክሪን አይገባም፤ የሚቀረውን ማን ይምረጥ?

የማስታወሻና የንባብ መተግበሪያዎች ሰሞኑን አንድ ፋሽን ይዘዋል። የሰበሰብነውን ሰነድ ሁሉ በመስመር የተያያዙ ነጥቦች አድርገው ያሳዩናል። ኦብሲዲያን የተባለው የማስታወሻ መተግበሪያ "ግራፍ" የሚል እይታ አለው። የጉግል ኖትቡክ ኤልኤም ደግሞ በ2025 ከሰነዶች ተነስቶ የሐሳብ ካርታ የሚሠራ አገልግሎት ጨመረ። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የፕሮግራም ኮድን እንዲህ የሚስሉ መሣሪያዎችም ሞልተዋል።

ሥዕሎቹ ያምራሉ። ሰው ስክሪኑን ፎቶ አንስቶ ያጋራቸዋል። ክርክሩም ከዚያ ይጀምራል። አንዱ ወገን "በቃ፣ ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ ማየት ተቻለ" ይላል። ሌላው ደግሞ "ጌጥ ነው፤ ማን ይሠራበታል?" ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ሥዕሉ ነው። ዋናው ጉዳይ ግን ከሥዕሉ በፊት የሚመጣው ምርጫ ነው፦ የትኛው ይታይ፣ የትኛው ይነስ፣ የትኛውስ ጨርሶ ይደበቅ? ይህ ጥያቄ ከ40 ዓመት በላይ ተጠንቷል። ከጥናቱ የተገኘው መልስ ዛሬ ለሚታየው ግርታ ብዙ ይረዳል።

ስንት ነገር፣ በስንት ቦታ?

የተለመደው ስክሪን በአግድም 1,920፣ በቁመት 1,080 ፒክስል አለው። ፒክስል ማለት ስክሪኑ ለብቻዋ ሊያበራት የሚችላት ትንሿ ነጥብ ናት። ሲባዛ ከ2 ሚሊዮን ትንሽ ይበልጣል። ብዙ ይመስላል፤ ግን አንዲት ፊደል በደንብ እንድትነበብ ብቻ መቶ ገደማ ፒክስል ትወስዳለች።

አሁን ኤክሴልን እንውሰድ። አንዱ ሉህ 1,048,576 ረድፍና 16,384 ዓምድ ይይዛል። ወደ 17 ቢሊዮን ሳጥን ማለት ነው። በአንድ ጊዜ 40 ረድፍ ቢታየን፣ ሉሁን ከላይ እስከ ታች ለመጨረስ ከ26 ሺህ በላይ ስክሪን ያስፈልጋል። ያውም ወደ ጎን ሳንሄድ።

ፎልደር ውስጥ ፎልደር ሲኖርም ያው ነው። አንዱ ፎልደር 10 ሌሎችን ቢይዝ፣ እነሱም እያንዳንዳቸው 10 ቢይዙ፣ ስድስተኛው ደረጃ ላይ ስንደርስ አንድ ሚሊዮን ይሆናሉ።

"ትልቅ ስክሪን መግዛት ነዋ!" የሚል ይኖራል። ፎርኬ የሚባለው ስክሪን የፒክስሉን ብዛት በአራት እጥፍ ያሳድገዋል። በየደረጃው አሥር እጥፍ ለሚያድግ ዛፍ ግን ይህ አንድ ተጨማሪ ደረጃ እንኳ አያሳይም።

ሌላው ገደብ ዓይናችን ራሱ ነው። አጥርቶ የሚያየው የዓይን ክፍል በጣም ጠባብ ነው፤ ሁለት ዲግሪ ገደማ ብቻ ይሸፍናል። ክንድ ተዘርግቶ የአውራ ጣት ስፋት ያህል ማለት ነው። የቀረው ሁሉ ብዥ ያለ ነው። ሆኖም ያ ብዥታ ሥራ ፈት አይደለም። ዓይን ቀጥሎ ወዴት መዞር እንዳለበት የሚጠቁመው እሱ ነው። ግድግዳ የሚያክል ስክሪን ቢሰቀልልንም የምናነበው ከመሀሉ ቁራጭ ነው።

ሁለቱ የለመድናቸው መንገዶች

የመጀመሪያው ጠቅላላውንና ዝርዝሩን በተለያየ መስኮት ማስቀመጥ ነው። ፓወርፖይንት ውስጥ በግራ በኩል የሚደረደሩት ትንንሽ ገጾች የዚህ ምሳሌ ናቸው። ኮድ ጸሐፊዎች ሚኒማፕ የሚሉት፣ ፋይሉን በሙሉ አሳንሶ በቀኝ ጠርዝ የሚያሳየው ቀጭን ሥዕልም እንዲሁ። ዋጋው ቦታ ነው። ዓይንም በሁለቱ መሀል መመላለስ አለበት።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ውጤት አለ። ካስፐር ሆርንቤክና ባልደረቦቹ በ2002 ባወጡት ጥናት 32 ሰዎች በሁለት የኮምፒውተር ካርታዎች ላይ የተለያየ ሥራ ተሰጣቸው። 80 በመቶዎቹ ትንሽ ጠቅላላ ካርታ በጥግ ያለውን ገጽ መረጡ። በአንደኛው ካርታ ላይ ግን የፈጠኑት ያለዚያ ጥግ ሲሠሩ ነበር። ሰው የወደደው ነገርና ሥራ ያፋጠነለት ነገር አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። "ተጠቃሚዎች በጣም ወደዱት" የሚል ማስታወቂያ ስናይ ይህን ማስታወስ አይጎዳም።

ሁለተኛው መንገድ ዙም ነው። ጠቅላላውና ዝርዝሩ በአንድ መስኮት ይታያሉ፤ ግን በየተራ። ጥሩ ዙም ሥዕሉን ማጉላት ብቻ አይደለም ሥራው። የስልክ ካርታ ላይ ስንርቅ የከተማ ስም ብቻ ይቀራል፤ ስንቀርብ መንገዱ፣ ከዚያ ሕንፃው ይመጣል። ይዘቱ በርቀቱ ይለዋወጣል። የዚህ ዋጋ ደግሞ ትዝታ ነው። ከቀረብን በኋላ ዙሪያችን ምን እንደነበር የሚያስታውሰን ጭንቅላታችን ብቻ ነው።

ዝርዝሩን ከነዐውዱ

ሦስተኛው መንገድ ሁለቱንም በአንድ መስኮት፣ በአንድ ጊዜ ለማሳየት ይሞክራል። የያዝነው ነገር ጎልቶ ይታያል፤ በዙሪያው ያለው ደግሞ ሳይጠፋ ያንሳል። ባለሙያዎች የመጀመሪያውን ትኩረት፣ ሁለተኛውን ዐውድ ይሉታል። ሮበርት ስፔንስና ማርክ አፐርሌይ በ1982 ያቀረቡት ንድፍ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። መሀሉ እንደ ተራ ገጽ ይነበባል፤ ግራና ቀኙ ተጨምቆ ይታያል።

በ1986 ግን ጆርጅ ፈርናስ የተባለ ተመራማሪ ጥያቄውን ከሥዕል አውጥቶ ወደ ስሌት ወሰደው። አጠራሩ "የዓሣ ዓይን እይታ" ነው፤ መሀሉን አጉልቶ ዳሩን ከሚያጣምመው የካሜራ ሌንስ የመጣ ስም። መነሻው የጋዜጣ አሠራር ዓይነት ነገር ነበር። በቅርብ የሆነ ነገር ትንሽም ቢሆን ዜና ይሆናል። ሩቅ የሆነው ግን ዜና የሚሆነው ትልቅ ሲሆን ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ ነገር ይታይ ወይስ አይታይ የሚለውን ሁለት ነገሮች ይወስኑታል፦ በራሱ ያለው ክብደትና እኛ አሁን ካለንበት ያለው ርቀት።

በምሳሌ ቢታይ ይሻላል። የእንስሳትን ምደባ እንውሰድና ደረጃዎቹን እናሳጥር። ከላይ እንስሳት፣ ከዚያ አጥቢዎች፣ ከዚያ ሥጋ በሎች፣ ከዚያ የድመት ቤተሰብ፣ መጨረሻ አንበሳ። አሁን ያለነው አንበሳ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ስም ሁለት ቁጥር እንደምር፦ ከላይኛው መነሻ ስንት ደረጃ እንደሚወርድና ከአንበሳ ስንት እርምጃ እንደሚርቅ። ድምሩ ባነሰ ቁጥር የመታየት መብቱ ይጨምራል።

አንበሳ 4 ደረጃ ወርዷል፤ ርቀቱ 0፤ ድምር 4። የድመት ቤተሰብ 3 እና 1፤ ድምር 4። ሥጋ በሎች 2 እና 2፤ አሁንም 4። አጥቢዎች 1 እና 3፤ እንስሳት 0 እና 4። ከላይ እስከ አንበሳ ያለው መንገድ በሙሉ እኩል 4 አመጣ። ነብርስ? 4 ደረጃ ወርዷል፤ ከአንበሳ ወደ ቤተሰቡ ወጥቶ መውረድ 2 እርምጃ ነው፤ ድምር 6። የውሻ ቤተሰብ 3 እና 3፤ 6። ወፎች 1 እና 5፤ እነሱም 6። ተኩላ ግን 4 እና 4፤ 8 ይመጣበታል።

ውጤቱን ልብ እንበል። ወሰኑን 4 ላይ ብናደርገው የሚታየው ከመነሻው እስከ ያለንበት የሚወስደው መንገድ ብቻ ነው። ድረ ገጾችና የፋይል መስኮቶች ከላይ በኩል የሚጽፉት፣ ፎልደሮቹን በቀስት የሚያያይዘው መስመር ይህ ነው። ወሰኑን ወደ 6 ብናሳድገው በየደረጃው ያሉት እኩዮች ይጨመራሉ። ይህ ደግሞ በግራ በኩል የሚዘረጋው የፎልደር ዛፍ ነው። ወፎች በስም ይታያሉ፤ የወፎች ዝርያ ግን አይዘረዘርም። ተኩላም ይደበቃል፤ የውሻ ቤተሰብ የሚለው ስም እሱ ያለበትን ስለሚጠቁም አይጠፋብንም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም የተጣመመ ሥዕል የለም። ፈርናስ ራሱ ከ20 ዓመት በኋላ ወደ ጉዳዩ ሲመለስ የተከራከረው ይህንኑ ነው። መስኩ "እንዴት ይሳል?" በሚለው ተጠምዶ "ምን ይመረጥ?" የሚለውን ችላ ብሏል አለ። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ።

ክብ ውስጥ የተጨመቀው ዛፍ

የ1990ዎቹ ተመራማሪዎች ግን በሥዕል ተማርከው ነበር። ማዕከላቸው በካሊፎርኒያ የነበረው የዜሮክስ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ነበር። በ1991 ሰነዶችን በሦስት ገጽታ በሚታጠፍ ግድግዳ ላይ ደረደሩ። በዚያው ዓመት ተዋረድን እንደ ሾጣጣ ቅርጽ በሚሽከረከር ባለ ሦስት አውታር ዛፍ አሳዩ። ከሁሉም በላይ የተወራለት ግን በ1995 ጆን ላምፒንግ፣ ራማና ራኦና ፒተር ፒሮሊ ያቀረቡት ሃይፐርቦሊክ ዛፍ ነው።

ሐሳቡ ጎበዝ ነው። በተራ ወረቀት ላይ ክብ ስንሠራ፣ ከመሀሉ አሥር እጥፍ ብንርቅ ዙሪያው አሥር እጥፍ ብቻ ያድጋል። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ለሁለት የሚከፈል ዛፍ ግን አሥረኛው ደረጃ ላይ 1,024 ጫፎች አሉት። ቦታው በዝግታ ያድጋል፤ ዛፉ በፍጥነት። ስለዚህ ዳር ላይ ይጣበባል። ሃይፐርቦሊክ የሚባለው ጂኦሜትሪ ግን ከዚህ ይለያል። እዚያ የክብ ዙሪያ ራሱ ልክ እንደ ዛፉ በየእርምጃው ይባዛል። ለሁሉም ቅርንጫፍ ቦታ አይጠፋም። ያንን ስፋት ወደ አንድ ክብ ሲያጥፉት መሀሉ ትልቅ፣ ዳሩ እየደቀቀ የሚሄድ ሥዕል ይወጣል። መነሻ የሆናቸው የሆላንዱ ሠዓሊ ኤሸር ሥራ ነበር። አንዱን ነጥብ ሲነኩት ወደ መሀል ይንሸራተታል፤ ሌላው ሁሉ ቦታ ይለቅለታል።

ሠሪዎቹ እንዳሉት፣ 600 በ600 ፒክስል በሆነ መስኮት የተለመደው አሣሣል 100 ያህል ነጥቦችን ሲያሳይ ይህኛው 1,000 ያሳያል። ትልቅ ድል ይመስላል። ግን አረፍተ ነገሩ ይቀጥላል፤ ጽሑፋቸው የሚነበበው መሀል አካባቢ ያሉት 50 ገደማዎቹ ናቸው። የቀሩት 950 ምንድን ናቸው? ስም የሌለው ነጥብ "እዚህ የሆነ ነገር አለ" ከማለት የዘለለ አይነግረንም። ምንነቱን ካልነገረን ዐውድነቱ ለስሙ ነው።

በ1997 አንድ የሙያ ጉባኤ ላይ የእይታ ዘዴዎች በሕዝብ ፊት ተወዳድረው ነበር። ሃይፐርቦሊኩ ዛፍ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ፒሮሊና ባልደረቦቹ ረጋ ብለው፣ የዓይን እንቅስቃሴ እየለኩ፣ ከተራው የዊንዶውስ ፋይል ዝርዝር ጋር አወዳደሩት። በአጠቃላይ ሲታይ የጎላ የፍጥነት ልዩነት አልተገኘም። ልዩነቱን ያመጣው ሌላ ነገር ነበር። የቅርንጫፎቹ ስሞች ከሥራቸው ምን እንዳለ በግልጽ ሲጠቁሙ ሃይፐርቦሊኩ በለጠ። ስሞቹ ድፍን ሲሆኑ ግን ተራው ዝርዝር ተሻለ። ተመራማሪዎቹ ይህን ጥቆማ የመረጃ ጠረን ይሉታል። ጠረን ከሌለ አንድ ሺህ ነጥብ ማሳየት አንድ ሺህ የመሳሳቻ በር መክፈት ነው።

ማጣመም ለምን አልገፋም?

ዛሬ ፋይላችንን በሃይፐርቦሊክ ዛፍ የምንከፍት ጥቂቶች ነን። ለምን?

አንደኛ፣ የተጣመመ ቦታ ርቀትን ይዋሻል። የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ካርታ በ1933 ሲወጣ መሀል ከተማውን አስፍቶ ዳርቻውን ጨመቀ። ተሳፋሪው የሚጠይቀው "የት ልውረድ? የት ልቀይር?" ስለሆነ ሠራ። በዚያ ካርታ እግረኛ ልሁን ያለ ግን ይሳሳታል። ጥያቄው ስለ መያያዝ ከሆነ ማጣመም ይቻላል። ስለ መጠንና ርቀት ከሆነ አይቻልም።

ሁለተኛ፣ ነገሮች ቦታቸውን ይለቃሉ። ሰው ደግሞ ዕቃውን የሚያገኘው በአብዛኛው "እዚያ ጋ ነበር" ብሎ ነው። ትኩረቱ በተቀየረ ቁጥር ሁሉም ከተንቀሳቀሰ ያ ትዝታ ይበላሻል። ሦስተኛው ችግር የእጅ ነው። ማውሱ ሲጠጋ የሚያብጥ ነገር ጎረቤቶቹን ይገፋል፤ ልንጫነው የነበረው ከቦታው ሸርተት ይላል። የማክ ኮምፒውተር የታችኛው አዶ መደርደሪያ ላይ ማጉላቱ ሲበራ ይህ ይታያል። ካርል ጉትዊን በ2002 ይህንኑ መርምሮ፣ ማውሱ ሲፈጥን ማጉሊያው ራሱ እንዲጠፋ፣ ሲቆም እንዲመለስ ቢደረግ እንደሚሻል አሳይቷል።

በአንጻሩ አንገታቸውን የደፉት ዘዴዎች ቤተኛ ሆነዋል። ከላይ የጠቀስነው ሚኒማፕ አንዱ ነው። ክሮም ላይ ቃል ስንፈልግ ስክሮሉ ጠርዝ ላይ የሚታዩት ምልክቶች ቃሉ በገጹ የት የት እንዳለ ይነግሩናል። ኮድ መጻፊያው ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ በ2022 ያመጣው አሠራር ደግሞ፣ ወደ ታች ስንወርድ ያለንበትን ክፍል የያዙትን የላይ መስመሮች ስክሪኑ አናት ላይ ለጥፎ ያቆያቸዋል። ይህ የፈርናስ ስሌት ወሰኑ 4 ላይ ሲሆን የሰጠን መንገድ ነው። ሥዕል የለውም። ፎቶ ተነስቶም አይጋራም። ግን በየቀኑ ይሠራል።

ድሩ ሁሉ ሲያያዝ

የሰሞኑ ግራፎች ችግር ከዛፍም ይከፋል። ዛፍ ላይ እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ወላጅ ብቻ ነው ያለው። ማስታወሻዎች ግን እንደልብ ይያያዛሉ። በ1,000 ነጥቦች መሀል ሊኖር የሚችለው ጥንድ 499,500 ነው። የዚህ ጥቂት በመቶ እንኳ ቢሳል መስመሩ ተጠላልፎ ጥላሸት ይሆናል። ነጥቦቹ የት እንደሚያርፉ የሚወስነውም ብዙ ጊዜ የመሳብና የመግፋት ስሌት ነው። ሁለት ነጥቦች ተጠጋግተው ስለታዩ የግድ ይቀራረባሉ ማለት አይደለም።

የግራፉ ደጋፊዎች የሚሉት ግን ውድቅ አይደለም። ብቻውን የተረሳ ማስታወሻ ወይም ሁሉም የሚያመለክተው አንድ ሰነድ በግራፉ ላይ ጎልቶ ይወጣል። አንዳንዶቹ መሣሪያዎች ከተከፈተው ማስታወሻ አንድ ሁለት እርምጃ የራቁትን ብቻ የሚያሳይ ጠበብ ያለ እይታም አላቸው። በእኔ ግምት የሚጠቅመው ይሄኛው ነው። ትልቁ ድር ለትውውቅ ቢበዛ አንዴ ይበቃል።

ጥያቄው ሲለወጥ ዘዴውም ይለወጣል። በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ 14 ሰዎች አንድ የ80 ሜጋባይት ዲስክ ይጋሩ ነበር። ዲስኩ ይሞላል፤ የሞላው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ቤን ሽናይደርማን ለዚህ ብሎ ስክሪኑን በሙሉ በአራት ማዕዘኖች ከፋፈለው። ትልቅ ፋይል፣ ትልቅ ሳጥን። ትሪማፕ ይባላል። ዛሬ ዲስክ የሚያጸዱ ፕሮግራሞች ይጠቀሙበታል። ማን ብዙ እንደያዘ ለማወቅ ከእሱ የሚሻል ማግኘት ይከብዳል። አንድን ፋይል በስሙ ለማግኘት ግን አይመችም።

"ፍለጋ እያለ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?" የሚለውም ተገቢ ጥያቄ ነው። የምንፈልገውን በስሙ ካወቅነው ፍለጋ ይበልጣል፤ ክርክር የለውም። ምን እንዳለ ሳናውቅ ስንገባ ግን የምንጽፈው ቃል የለንም። ያገኘነው ነገር ከምን ቀጥሎ፣ በምን ሥር እንደሆነም የውጤት ዝርዝር አይነግረንም።

ምርጫው ወደ ማሽን ሲዞር

አሁን የተለወጠው ነገር ሥዕሉ አይደለም። መራጩ ነው። የፈርናስ ስሌት ለዛፍ ቀላል የሆነው ክብደቱን ከደረጃው ማንበብ ስለተቻለ ነው። ለተራ ጽሑፍ ክምር ግን የትኛው አንቀጽ ከየትኛው ይከብዳል የሚለውን ቁጥር የሚሰጥ አልነበረም። የቋንቋ ሞዴሎች፣ ማለትም ከብዙ ጽሑፍ ተምረው ጽሑፍ የሚያመነጩት ፕሮግራሞች፣ ይህን መገመት ይችላሉ። ለቅርንጫፉ ስም የሚያወጡትም እነሱ ናቸው። ጥሩ ስም ካወጡ ሃይፐርቦሊኩ ዛፍ የጎደለውን ጠረን ይሰጣሉ። ይህ እውነተኛ ዕድል ነው።

ስጋቱም ከዚያው ይመጣል። ፎልደር ሲታጠፍ መታጠፉን የምታሳይ ምልክት አለችው። ሞዴሉ የተወው አንቀጽ ግን ምልክት የለውም። የሐሳብ ካርታውን ብቻ ያየ ሰው ሰነዱን የጨረሰ ይመስለዋል። ኮድ ላይ ሲሆን ደግሞ ሰው ያልጻፈውን ፕሮግራም ሰው ባልመረጠው ካርታ እያዩ ማረም ይመጣል። ካርታውን ድጋሚ ሲያዙት የተለየ ሊወጣ ስለሚችልም "እዚያ ጋ ነበር" የሚለው ትዝታ መያዣ ያጣል።

እነዚህን መሣሪያዎች የሚሠሩ ሰዎች ሊያስተካክሉት የሚችሉት ነገር ነው። በየቅርንጫፉ ሥር ስንት ገጽ ወይም አንቀጽ እንዳልታየ በቁጥር መጻፍ ይቻላል። ከእያንዳንዱ ስም ወደ ምንጩ አንቀጽ የሚወስድ መንገድ ማስቀመጥ ይቻላል። አዲስ ሰነድ ሲጨመር ነባሮቹ ቅርንጫፎች ቦታቸውን እንዲይዙ ማድረግም እንዲሁ። ከሦስቱ የሚከብደው የመጨረሻው ነው፤ ካርታው በየጊዜው እንደ አዲስ ከሚመነጭ ይልቅ በቀድሞው ላይ እየታረመ እንዲሄድ ይጠይቃል።